ብድን ሙዚቃዬ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን ፒያኖ በማስተማር እተዳደራለሁ፤ አልፎ አልፎም የራሴን ዜማ እጽፋለሁ። የምኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በተከራየሁት ሰርቪስ ክፍል ነው። ከአልጋዬና ከአሮጌ ፒያኖዬ በቀር ብዙ ዕቃ የለኝም።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ ሳይ እቆያለሁ። ምግብ አያሰኘኝም። ተማሪዎቼ ቤት ስሄድ ፈገግ ብዬ አስተምራለሁ፤ ስመለስ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ እወድቃለሁ። በታላቅ እህቴ ጉትጎታ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የድባቴ ሕመም መሆኑን ነግሮኝ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ወሰድኩ። እንቅልፌ ትንሽ ተሻሻለ፤ ነገር ግን ፒያኖው ፊት ስቀመጥ ውስጤ ዝም አለብኝ። ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። ፈራሁና ለማንም ሳልናገር አቆምኩት።

በዚያው ሰሞን ስለ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ስለ ኤሪክ ሳቲ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎች የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የፒያኖ ሥራዎች ከእርሱ ሥራዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ሰምቼ ነው የፈለግኩት። ያነበብኩት ሁሉ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። አንዲት ሴት አፍቅሮ ከተለየችው በኋላ ሌላ አላፈቀረም ይባላል። ከፓሪስ ወጣ ባለች መንደር አንድ ክፍል ተከራይቶ 27 ዓመት ሲኖር ማንንም ወደ ቤቱ አላስገባም። ያም ሆኖ እነዚያን የመሰሉ ዜማዎች ጻፈ። ምናልባት የእኔም ተፈጥሮ ይኸው ይሆናል አልኩ። ምናልባት ሐዘኔ በሽታ ሳይሆን ሙዚቃዬ የሚመነጭበት ቦታ ይሆናል።

አሁን ማታ ማታ «ቬክሳሲዮን» የተባለውን፣ 840 ጊዜ ስለመድገም የጻፈበትን አንድ ገጽ እየደጋገምኩ እጫወታለሁ። ወደ ክፍሌ ማንም እንዲገባ አልፈልግም። እህቴ ምግብ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ተቀብዬ እመልሳታለሁ። እናቴ ጸበል ካልሄድክ እያለች ታለቅሳለች፤ ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም የሚል ነገርም ሰምታለች። በዚህ ላይ ተማሪዎቼ በግንቦት ወር ለወላጆቻቸው የሚያቀርቡት የሙዚቃ ዝግጅት አለ፤ ልሰርዘው እያሰብኩ ነው።

ክኒኑን እንደገና ጀምሬ ብድን ሙዚቃዬ ይጠፋብኛል ብዬ እፈራለሁ። ሰው ሁሉ የግድ መዳን አለበት? በሩን ዘግቼ፣ ማንንም ሳላስቸግር ብኖር ምን አለበት? እርስዎ ምን ይሉኛል?

በሩን የዘጋሁት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጫማህን ሳታወልቅ አልጋ ላይ በምትወድቅባቸው ቀናት እንኳ ልጆቹን ማስተማር አላቋረጥክም። ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅህ ይገባኛል። ሰው ፊት ፈገግ ብሎ ውሎ ቤት ሲገቡ መውደቅ በጣም ያደክማል፤ ድካሙን የሚያይ ስለሌለ ደግሞ አይዞህ የሚልም አይገኝም። እኔ ግን አይዞህ እልሃለሁ።

ወደ ሳቲ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተህ ጣሪያ ስታይ ምን ምን ይመጣብሃል? ባልኖር ይሻል ነበር፣ ብሞት ሁሉም ያርፍ ነበር የሚል ሐሳብ አለ? ራስህን ስለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ? እንዲህ በግልጽ የምጠይቅህ «ማንንም ሳላስቸግር» ያልከው ነገር ስላሳሰበኝ ነው። መልስህ «አዎ» ከሆነ የቀረውን ምክሬን ለሌላ ቀን አቆየው። አሁኑኑ ለእህትህ ደውልና የምታስበውን ሳትቀንስ ንገራት። ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር። አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከሕመሙ የሚመጣ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በሕክምና ይረግባል። መልስህ «የለም» ከሆነ ደግሞ አብረን እንቀጥል፤ ነገር ግን ሐሳቡ አንድ ቀን ከመጣ ምን እንደምታደርግ ከአሁኑ ታውቃለህ።

ሳቲን እኔም እወደዋለሁ። «ጂምኖፔዲ» ከሚባሉት ሦስት የፒያኖ ሥራዎቹ የመጀመሪያው ሲጀምር ግራ እጅ አንዲት ዝቅ ያለች ድምፅ ይነካል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ኮርድ ያስቀምጣል፤ እንደገና ይወርዳል። ቀኝ እጅ አራት ባር ሙሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዜማው የሚገባው። ከገጹ አናት ላይ «በዝግታና በሥቃይ» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ሁለተኛው «በዝግታና በሐዘን»፣ ሦስተኛው «በዝግታና በጭምትነት» ይላል። ስለዚህ በዚህ ሰው ውስጥ ራስህን ማየትህ አልገረመኝም። ነገር ግን ታሪኩን ስታነብ ዓመቶቹን ያስተዋልካቸው አልመሰለኝም። ጉዳያችን በእነርሱ ላይ ስለሚቆም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ በአንድ ልንገርህ።

ሳቲ የተወለደው በ1866 ኦንፍሎር በምትባል የኖርማንዲ የወደብ ከተማ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች። ከታናሽ ወንድሙ ከኮንራድ ጋር ወደ አያቶቹ ቤት ተላከ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ደግሞ አያቱ ባሕር ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ወደ ፓሪስ ተመልሶ ታላቁን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኮንሰርቫቷርን ሲቀላቀል መምህራኑ ሰነፍ ነው አሉት፤ ከትምህርት ቤቱም ተሰናበተ። ከሞተ 100 ዓመት ያለፈውን ሰው ድባቴ ነበረበት ብዬ ምርመራ ልሰጠው አልችልም፤ የሕይወቱን ክብደት ግን ማንም ያየዋል።

«ጂምኖፔዲዎቹን» የጻፈው በ1888 ነው፤ ገና የሃያ አንድ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ። «ግኖሲየን» የሚባሉትን፣ ያለ ባር መስመር ጽፎ በኖታዎቹ መካከል «ጠይቅ»፣ «በሐሳብ ጫፍ» እያለ ተጫዋቹን የሚያናግርባቸውን ሥራዎች መጻፍ የጀመረው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሠዓሊዋን ሱዛን ቫላዶንን ያፈቀራት በ1893 ነው። ወዳጅነታቸው ስድስት ወር ያህል ቆየና እርሷ ሄደች፤ እርሱም በጣም ተጎዳ። አርኬይ በተባለችው መንደር ያንን ክፍል የተከራየው ደግሞ በ1898 ነው።

እስቲ እነዚህን ዓመቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ዓለም ሳቲን የሚያውቅባቸው፣ አንተም ልብህ የተነካባቸው ዜማዎች የተጻፉት ፍቅሩ ከመሰበሩ አምስት ዓመት፣ በሩን ከመዝጋቱ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ያን ጊዜ የሚኖረው ሞንማርትር በሚባለው የፓሪስ ሰፈር ነበር። «ጥቁር ድመት» በሚባለው ካባሬ፣ ሙዚቃና ትርዒት በሚቀርብበት መጠጥ ቤት፣ ከገጣሚዎችና ከሠዓሊዎች ጋር ያመሻል፤ ፒያኖ ይጫወታል። ከሙዚቃ ደራሲው ከክሎድ ደቡሲ ጋር የተዋወቀውም በሞንማርትር ዓመታቱ ነው፤ ከ«ጂምኖፔዲዎቹ» ሁለቱን ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶ ወደ ትልቁ መድረክ ያወጣለት ይህ ወዳጁ ነው። በሩን ዘግቶ የጻፋቸው የመሰሉህ ዜማዎች በሰው መካከል ሳለ የተጻፉ ናቸው፤ ወደ አድማጭ የደረሱትም በሰው እጅ ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላስ? የመጀመሪያዎቹ የአርኬይ ዓመታት ለእርሱ ከባድ ነበሩ። ውኃ የሌለው አንድ ክፍል፣ ባዶ ኪስ፣ ለእንጀራ ሲባል በየካባሬው ዘፋኞችን ማጀብ። ከዚያ በ1905፣ በ39 ዓመቱ፣ ከእርሱ በዕድሜ በጣም ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር ስኮላ ካንቶሩም የተባለ ትምህርት ቤት ገብቶ ኮንትራፑንት፣ ማለትም በርካታ ዜማዎችን አንድ ላይ የማስኬድ ጥበብ፣ መማር ጀመረ። ደቡሲ ሳይቀር በዚህ ዕድሜህ ተው ብሎት ነበር። አልተወም። በ1908 «እጅግ ጥሩ» የሚል ውጤት ይዞ ተመረቀ። ልጅ ሳለ ሰነፍ የተባለው ሰው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንተ የልጆች መምህር ስለሆንክ በተለይ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ሳቲ በአርኬይ ወደ ክፍሉ ሰው ባያስገባም የመንደሩን ልጆች ያስተምር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ፣ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ትምህርት በማይኖርበት ቀን፣ የድሆቹን ልጆች ሰብስቦ ሽርሽር ይወስዳቸዋል፤ ሙዚቃም ያስተምራቸዋል። በ1909 ለዚህ አገልግሎቱ ከመንግሥት የክብር ሽልማት ተሰጥቶታል። በየቀኑ ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ወደ ፓሪስ ይሄድ ነበር፤ በመንገድ ላይ ከመብራት ሥር እየቆመ ሐሳቡን በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፍ እንደነበር ይነገራል። በ1911 የሙዚቃ ደራሲው ሞሪስ ራቬል የቀድሞ ሥራዎቹን መድረክ ላይ አቀረበለት። በ1917 ከገጣሚው ከዣን ኮክቶና ከሠዓሊው ከፒካሶ ጋር «ፓራድ» የተባለውን የባሌ ዳንስ ትርዒት ሠራ፤ የታይፕራይተር፣ የሳይረንና የሽጉጥ ድምፅ ያለበትን፣ ፓሪስን ለሁለት ከፍሎ ያጨቃጨቀውን። እኔ ይህን ሕይወት ሳየው፣ ሳቲን በሕይወት ያቆየው በየማለዳው ከዚያ ክፍል መውጣቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ክፍሉ ግን አላዳነውም። ይጠጣ ነበር፤ ብዙ ይጠጣ ነበር። ከ«ፓራድ» በኋላ እንኳ፣ ስሙ በፓሪስ አፍ ላይ ሳለ፣ በ1918 ለአንዲት ወዳጁ እርግማን ያለብኝ ይመስለኛል፣ ይህ የለማኝ ኑሮ አንገሸገሸኝ ብሎ ጽፏል። ሐምሌ 1 ቀን 1925 በጉበት ሕመም ሞተ፤ ገና 59 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወንድሙና ወዳጆቹ በ27 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን በር ከፍተው ገቡ። አቧራ፣ የተበላሹ ፒያኖዎች፣ የተከማቹ ጃንጥላዎች፣ የተደራረቡ ተመሳሳይ የቬሉቶ ልብሶች አገኙ። ለሱዛን ቫላዶን የተጻፉና ያልተላኩ ደብዳቤዎችም ነበሩ። በ1899 የጻፈውና ጠፋብኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠበት የሙዚቃ ሥራም ተገኘ። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ዳርዩስ ሚዮ የተባለው ወዳጁ ለኦርኬስትራ አዘጋጅቶት በማግስቱ ዓመት መድረክ ላይ ወጣ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። አንድ ወዳጅ ብቻ ለቡና ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ወረቀት ምንድን ነው ብሎ ቢያነሳው ኖሮ፣ ሳቲ በሕይወት ሳለ ያንን ሥራ ሊሰማው ይችል ነበር።

አንተም እስቲ ደብተርህን ክፈትና ተመልከት። ካለፈው ክረምት ወዲህ፣ ሐዘኑ ከበረታብህ ጊዜ ጀምሮ፣ ስንት ዜማ ጨረስክ? ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትስ? ሐዘንህ የሙዚቃህ ምንጭ ከሆነ በዚህ ዓመት ደብተሩ ሞልቶ መገኘት ነበረበት። ሞልቶ ከሆነ ንገረኝ፤ በደስታ እሰማሃለሁ። ግምቴ ግን ገጾቹ ባዶ ናቸው የሚል ነው፤ ባዶ ከሆኑም ጥፋተኛ አይደለህም። ድባቴ ጉልበት ይወስዳል፤ ትኩረት ይወስዳል፤ አንድን ነገር ጀምሮ የመጨረስ ፍላጎትን ይወስዳል። ማዘን የሚችለው ልብህ ያንተ ነው፤ ከዳንክም አብሮህ ይኖራል። ሕመሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ልብ ይዞ አላሠራ ያለህ እርሱ ነው።

ስለ ክኒኑ የጻፍከውን በቁም ነገር ነው የወሰድኩት። «ውስጤ ዝም አለብኝ» ያልከው ያለ ነገር ነው፤ የድባቴ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ደስታውም ሐዘኑም እንደደነዘዘባቸው ይናገራሉ። ሕመሙ ራሱም እንዲህ ያደርጋል፤ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ የሚሉ መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ሕመምተኞች ብዙ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት የሐኪምህ ሥራ ነው። ሦስት ሳምንት ደግሞ አጭር ጊዜ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅም ቀስ ብሎ የሚታይ ነው፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ስድስትና ስምንት ሳምንት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። እንቅልፍህ መሻሻል መጀመሩ መልካም ምልክት ነበር። ጫማ ጠበበ ተብሎ በባዶ እግር አይኬድም፤ ቁጥሩ ይቀየራል። ሐኪሙም መጠኑን ሊቀንስልህ፣ ወይም ዓይነቱን ሊለውጥልህ ይችላል። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን የንግግር ሕክምና ሊያገናኝህም ይችላል፤ ለአንዳንዱ ሰው እርሱ ራሱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ግን ካወቀ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪምህ ተመለስ። በራሴ አቁሜዋለሁ በለው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሕመምተኛ አንተ የመጀመሪያው አይደለህምና አትፈር። የተረፈውን ክኒን ግን ሳትጠይቀው በራስህ አትጀምር። እዚያ ስትደርስ ቃል እንዳይጠፋብህ የሚሰማህን በወረቀት ጽፈህ ሂድ፦ ስንት ሰዓት እንደምትነቃ፣ ምን ያህል እንደምትበላ፣ ፒያኖው ፊት ስትቀመጥ የሆነውን። ሙዚቃ ሥራዬም ሕይወቴም ነው፣ እርሱን የማይነካ ሕክምና እፈልጋለሁ ብለህ በግልጽ ንገረው። የማይሰማህ ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልግ። የግል ክሊኒኩ ክፍያ ከከበደህ በአዲስ አበባ ካሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች በርከት ያሉት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ አማኑኤል ብቻ አይደለም። አማኑኤል ብትሄድም ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ተወው። መጠጥን በደብዳቤህ አላነሳህም። እንቅልፍ እንዲወስድህ ብለህ ማታ ማታ የምትጠጣ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይህንንም አትደብቀው። መጠጥ ድባቴን ያባብሳል፤ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት ያነቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ እናቶቻችን።

የእናትህ ነገር ሆዴን በላው። ጸበሉንና ክኒኑን ልታጣላቸው አትሞክር፤ ከእናትህ ጋርም በዚህ አትጣላ። እምነትህ ከሆነ ጸበሉን ጠጣ፤ ተጠመቅ፤ መድኃኒትህንም በሰዓቱ ዋጥ። መድኃኒትና ጸበል አብረው ይሄዳሉ ብለው የሚያስተምሩ አባቶች አሉ። የንስሐ አባታችሁን እናትህ ባለችበት ብትጠይቃቸው ጭንቀቷ ይቀልላታል። ለእርሷም እንዲህ በላት፦ «እማዬ፣ አብረን እንሂድ፤ መድኃኒቴን ግን አላቆምም።» ማለዳ ተነሥቶ ከእናት ጋር መንገድ መሄድ ራሱ በክፍልህ ከታጠርክበት ያወጣሃል።

«ቬክሳሲዮንን» ማታ ማታ ትጫወታለህ ብለኸኛል። ሳቲ ያችን ገጽ የጻፈው ሱዛን በተለየችው ሰሞን እንደሆነ ይገመታል፤ 840 ጊዜ ለመድገም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በጥልቅ ጸጥታ ራሱን ቢያዘጋጅ ይበጃል ብሎ ጽፎባታል። እርሱ በሕይወት ሳለ እንዲህ ተጫውቷት ስለመሆኑ የተመዘገበ ነገር የለም። በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ ሲያዘጋጃት ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀች፤ የተጫወቷትም በርካታ ፒያኒስቶች ተራ እየተቀባበሉ ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀመጣል። በ1970 ግን አንድ የአውስትራሊያ ፒያኒስት ብቻውን ሊጨርሳት ሞከረ። 595ኛው ላይ ሲደርስ ክፉ ሐሳብ አእምሮዬን ሞላው ብሎ ድንገት አቋርጦ ተነሣ። አንተ በዚህ ሕመም ውስጥ ሆነህ፣ ብቻህን፣ በሌሊት ስትጫወታት ያሳስበኛል። ድባቴ ራሱ አንድን ሐሳብ እየደጋገመ የሚያስወጠነጥን ነገር ነው፤ እጆችህም ያንኑ እንዲያደርጉ አታስገድዳቸው። ለጊዜው ያችን ገጽ አስቀምጣት። ፒያኖውን በቀን ንካው፤ አሥር ደቂቃም ቢሆን፤ መጨረሻ ያለውን አጭር ነገር ተጫወት። ስሜት ባይመጣም ግድ የለም፤ ጣቶችህ ቦታቸውን እንዳይረሱ ብቻ።

እማሆይ ጽጌማርያምን አንስተሃልና አንድ ቃል ልጨምር። እርሳቸውም በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ከፒያኖ ጋር ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የእርሳቸው ብቸኝነት ግን በጸሎትና በማኅበር የተከበበ ነበር። በ1967 ጀርመን ውስጥ ያሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላም ገቢው ወላጅ ለሌላቸው ልጆች እንዲውል ነበር። ጸጥታን መውደድ አንድ ነገር ነው። እህትህን ከነምግቧ በር ላይ መመለስ ደግሞ ሌላ ነው። አንተ ጸጥታ ወዳድ ሆነህ ብትኖር ደስ ይለኛል፤ ሰው ሁሉ ተጫዋች መሆን የለበትም። ድሮም፣ ከመታመምህ በፊት፣ እንዲህ በር ዘግተህ ነበር የምትኖረው? ወይስ ይህ ከክረምት ወዲህ የመጣ ነው? መልሱን አንተ ታውቀዋለህ።

እህትህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ግቢ በላት። ክፍሉን አላጸዳሁትም ብለህ አትከልክላት፤ ለጽዳቱ አይደለም የምትመጣው። ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም። ያመጣችውን አንድ ላይ ብሉ፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከቻልክ ክኒኑን ማቆምህን ንገራት፤ ወደ ሐኪሙም አብራህ ትሂድ፤ አንተ ሳይሰማህ የሚያልፈውን እርሷ ትሰማልሃለች። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ደግሞ ጠዋት ከግቢው ወጥታችሁ እስከ ዋናው መንገድ ደርሳችሁ ተመለሱ። «ሰው ሁሉ የግድ መዳን አለበት?» ላልከኝ፣ ማንም ሊያስገድድህ አይችልም። ነገር ግን አሁን ይህን የሚጠይቀው የደከመው አንተ ነህ፤ ጥቂት ሳምንት እንቅልፍ የጠገበው አንተም ይጠየቅ እላለሁ።

የግንቦቱን ዝግጅት በተመለከተ አሁን አትወስን። ሰው እንዲህ ባለ ሕመም ውስጥ ሳለ ትልልቅ ውሳኔዎችን ቢያዘገይ ይሻለዋል፤ የዛሬው ድካም ሁልጊዜም ሰርዘው ነው የሚለው። ወላጆቹን ትንሽ አሞኝ ስለነበር ፕሮግራሙን አሳጥረዋለሁ በላቸው፤ ከዚህ በላይ ማብራራት የለብህም። አብሮህ የተማረ ወይም የሚያስተምር ወዳጅ ካለህ ልምምዱን ከፊሉን እንዲይዝልህ ጠይቀው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ አጭር ቁራጭ ብቻ ያዘጋጅ። ሐኪምህን ካየህ ከአንድ ወር በኋላ ያለህበትን ሁኔታ ተመልክታችሁ ይቅር ወይስ ይቀጥል የሚለውን ከእህትህ ጋር ወስኑ፤ ቢቀር በመስከረም ማድረግ ትችላላችሁ። ሐኪሙ ያለህንና የደረስክበትን ደግሞ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።